ከመነሻ ገንዘብ በፊት ደብተር

ንግድ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ገንዘቡን ከየት ላምጣ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያለ ገንዘብ ሱቅ አይከፈትም፤ ዕቃም አይገዛም። ይሁን እንጂ በየሰፈራችን ተከፍተው ብዙ ሳይቆዩ የተዘጉትን ሱቆች፣ ሻይ ቤቶችና የልብስ መሸጫዎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ብዙዎቹ ሲከፈቱ ገንዘብ ነበራቸው። ያልነበራቸው ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ የሚናገር ወረቀት ነው። ባለቤቱ ሱቁን ሲዘጋ «ገበያው ሞተ» ይላል። ሚስቱ «ዘመዶቹ ጨረሱት» ትላለች። ዘመዶቹ ደግሞ «ሚስቱ በላችው» ይላሉ። ከሦስቱ ማን እውነቱን እንደተናገረ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ የለም። አልተጻፈምና።

በዚህ ጽሑፍ ትንሽ ንግድ ለመጀመር ለሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች ጠቃሚ ናቸው ያልናቸውን ነጥቦች በቅደም ተከተል ለማቅረብ እንሞክራለን። ነጥቦቹ የተለያዩ ቢመስሉም ሁሉንም የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መጻፍ ነው።

ረዥሙ አንቀጽ ስለ ምን ይናገራል?

ከቅዱስ ቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረዥሙ በሱረቱል በቀራ የሚገኘው 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። ሰዎች እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ በዕዳ ሲዋዋሉ እንዲጽፉት፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ ቃሉን የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዝዛል። ዕዳው ትንሽም ሆነ ትልቅ መጻፉን እንዳይሰለቹ ያሳስባል። እጅ በእጅ የሚደረግ ግብይት ባይጻፍ ነቀፌታ እንደሌለበትም ያስረዳል። የሚቀጥለው 283ኛው አንቀጽ ጸሐፊ ባልተገኘ ጊዜ ስለ መያዣ ይናገራል፤ የታመነ ሰውም አደራውን እንዲወጣ ያዝዛል። ከዚህም በመነሳት አብዛኞቹ ዑለማዎች መጻፉ ግዴታ ሳይሆን እጅግ የተወደደ ምክር ነው ሲሉ፣ ግዴታ ነው ያሉም አሉ።

በከተማችን ግን ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ሸሪክ ሲሆኑ አንዱ «እንጻፈው» ቢል ሌላው ያኮርፋል። «አታምነኝም ማለት ነው?» ይላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ትእዛዙ የመጣው ለአማኞች ነው። የሚተማመኑ ሰዎችም ይረሳሉ፣ ይታመማሉ፣ ይሞታሉ። ሲሞቱ ደግሞ በቃል የተነጋገሩትን የማያውቁ ልጆችና ወራሾች ይተካሉ። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ማለታቸው ይህንኑ ለማሳሰብ ነው።

1ኛ. ምን ልነግድ?

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የአንሷሩ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) የንብረታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ቢያቀርቡላቸውም መርቀዋቸው ገበያው የት እንደሆነ እንዲያመለክቷቸው ብቻ ጠየቁ። ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ሄደውም በደረቀ እርጎና በቅቤ ንግድ ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ ከሶሐባዎች ሁሉ ባለጸጋ ከሚባሉት አንዱ ሆነዋል።

ታሪኩን ስለ ልግስናና ስለ ክብር ስንሰማው ኖረናል። የነጋዴ ትምህርትም አለው። ዐብዱረሕማን (ረ.ዐ.) በመካ ሳሉ የንግድን ሙያ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ገበያው ነው። የመረጡትም ዕቃ ሰው በየቀኑ የሚፈልገውንና ቶሎ ወደ ገንዘብ የሚለወጠውን ነው። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ እጁ የሚገባበትን ንግድ ቢመርጥ ይሻለዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለዒድ ብቻ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ያለውን ሁሉ ያፈሰሰ ሰው ቀሪውን ወራት ኪራይ የሚከፍለው ከየት ነው?

ስለሆነም ሱቅ ከመከራየት በፊት ሁለት ነገር ማድረግ ይገባል። የመጀመሪያው ሙያውን ከሚያውቅ ሰው ዘንድ፣ በነጻም ቢሆን፣ ጥቂት ወራት መሥራት ነው። ዕቃ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው እንደሚበላሽ፣ የትኛው አከፋፋይ ቃሉን እንደሚጠብቅ የሚታወቀው እዚያው ሆኖ ነው። ሁለተኛው ሱቁ ሊከፈት በታሰበበት ቦታ ለሁለት ሳምንት በተለያየ ሰዓት ቆሞ መቁጠር ነው። ስንት ሰው ያልፋል? በስንት ሰዓት? ተመሳሳይ ሱቅ ስንት አለ? የትኛው ዕቃ ሲጠየቅ «የለም» ይባላል? ይህ ሁሉ በደብተር ይጻፍ። ከጻፉት በኋላ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ጥቂት አይሆኑም፤ ገንዘቡ ሳይወጣ ሐሳብን መለወጥ ደግሞ ትርፍ ነው።

ዐባያና ሒጃብ ለመሸጥ የምታስብ እህትም የቁልፍ ገንዘብ ከፍላ ሱቅ ከመያዟ በፊት አሥር ዐባያ ከመርካቶ አምጥታ በቤቷ፣ በጎረቤትና በዘመድ ብትሞክረው የትኛው ቀለምና ልክ እንደሚፈለግ፣ ደንበኛዋ ስንት ብር እንደሚከብዳት በትንሽ ወጪ ትማራለች።

2ኛ. ገንዘቡ የማን ነው?

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እህት ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ትልካለች፤ እርሱም ሱቅ ይከፍትበታል። ስትመለስ ሱቁ በእርሱ ስም ነው። እርሷ «የላክሁት እንድንካፈል ነው» ትላለች። እርሱ «ለቤተሰብ የላክሽው እርዳታ ነው» ይላል። እናት መሐል ገብታ ታለቅሳለች። ሚስትም እንዲሁ የመህር ወርቋን ሸጣ ለባሏ ንግድ ትሰጣለች። በሸሪዓ የሚስት ንብረት የራሷ ነው፤ ባሏ የሚወስደው በፈቃዷ ብቻ ነው። ታዲያ የሰጠችው ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ድርሻ? ሦስቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ስጦታ ከሆነ አይመለስም። ብድር ከሆነ ሱቁ አተረፈም ከሰረም የተወሰደው ልክ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ይመለሳል። ድርሻ ከሆነ ግን ባለገንዘቧ ትርፉንም ኪሳራውንም ትካፈላለች። ገንዘቡ በተሰጠበት ዕለት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ቢጻፍና ሁለት ሰው ቢመሰክር እህትና ወንድም ሽማግሌ ፊት አይቆሙም ነበር።

ገንዘቡ ከአንዱ፣ ሥራው ከሌላው የሚሆንበት ሽርክና በፊቅህ ሙዷረባ ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት የእናታችን ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ለንግድ መሄዳቸው ይታወቃል። በሙዷረባ ትርፉ የሚከፋፈለው አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ፣ ለምሳሌ እኩል በእኩል ወይም አንድ ሦስተኛና ሁለት ሦስተኛ ተብሎ ነው። «በየወሩ ይህን ያህል ብር ትሰጠኛለህ» ብሎ ቁርጥ ትርፍ መዋዋል ውሉን ያበላሸዋል። ከሠሪው ጥፋት ወይም ቸልተኝነት ውጭ ኪሳራ ከመጣ ገንዘቡን የሚያጣው ባለገንዘቡ ነው፤ ሠሪው ደግሞ ልፋቱን ያጣል። ሁለቱም ገንዘብ ካዋጡ ኪሳራው በመዋጮአቸው ልክ ይከፈላል። ትርፉን በተመለከተ በሻፊዒይ መዝሀብ እርሱም በመዋጮው ልክ ሲሆን፣ በሐነፊይ መዝሀብ ግን በስምምነት ሊለያይ ይችላል። ሸሪኮች ውሉን ከመጻፋቸው በፊት የሚያምኑትን ዓሊም ቢጠይቁ መልካም ነው።

ዕቁብ ወለድ የሌለበት የቆየ መንገድ ነው። ሆኖም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። 30 አባላት በሳምንት 1,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው 30,000 ብር በእጁ ይገባል። እስካሁን የከፈለው ግን 1,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ የ29,000 ብር ዕዳ አለበት። ንግዱ ገና ሳይቆም በየሳምንቱ 1,000 ብር ማውጣት ካልቻለ ዕቁቡን የሚከፍለው ዕቃውን እየሸጠ ከዋናው ነው ማለት ነው። የዕቁብ ገንዘብ በደብተሩ ላይ «ዕዳ» በሚለው ዓምድ ሥር መጻፍ ይኖርበታል።

ከወለድ ለመራቅ ሲሉ ከባንክ ደጃፍ ርቀው የኖሩ ነጋዴዎች ዛሬ ያለው ሁኔታ ከበፊቱ እንደሚለይ ሊያውቁ ይገባል። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሒጅራ ባንክም ተከትሎታል። ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነጻ የሆነ አገልግሎት ለይተው ይሰጣሉ። በብዛት የሚሠራበት ሙራበሓ የሚባለው ውል ሲሆን፣ ባንኩ ነጋዴው የፈለገውን ዕቃ ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። ቢሆንም ከወለድ ነጻ ማለት ከዕዳ ነጻ ማለት አይደለም። የሚጠየቀው መያዣ፣ የክፍያው ቀንና ጠቅላላ ዋጋው ተነቦ፣ ያልገባው ተጠይቆ ነው መፈረም ያለበት።

3ኛ. ትርፍ የሚመስል ትርፍ

አንድ ሰው ሳምቡሳ ቤት ከፈተ እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ዋጋ ይተካባቸው። በቀን 300 ሳምቡሳ ይጠብሳል፤ አንዱን በ15 ብር ይሸጣል። ሁሉም ቢሸጥ 4,500 ብር ነው። ለዱቄት፣ ለምስር፣ ለዘይት፣ ለሽንኩርትና ለቃሪያ 2,700 ብር ያወጣል። «በቀን 1,800 ብር አተርፋለሁ» ብሎ ይደሰታል።

አሁን ደብተሩን እንክፈት። በወር 9,000 ብር የሆነው ኪራይ፣ ወሩን 30 ቀን ብለን ስናካፍለው በቀን 300 ብር ነው። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ረዳት በቀን 200 ብር ይደርሳል። መብራትና ከሰል 100 ብር። ከ300ው ሳምቡሳ 30 ሳይሸጥ ቢያድር 450 ብር ቀረ። ለመጥበሻ፣ ለወንበር፣ ለፈቃድና ለግብር በቀን 100 ብር ይያዝ። ባለቤቱ ራሱ ከንጋት እስከ ምሽት ይሠራል፤ በሌላ ሰው ዘንድ ቢቀጠር በወር 12,000 ብር ያገኝ ከነበረ የእርሱ ጉልበት በቀን 400 ብር ያወጣል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ 1,550 ብር ናቸው። ከ1,800ው የቀረው የንግዱ ትርፍ 250 ብር ብቻ ነው።

ይህ ንግድ መጥፎ አይደለም። ባለቤቱን በቀን 400 ብር እየከፈለ 250 ብር የሚያተርፍ ንግድ ጤናማ ነው። አደጋው ባለቤቱ 1,800 ብር ያተረፈ መስሎት የሚኖር እንደሆነ ነው። ከመሳቢያው በቀን 700 ብር ወደ ቤት የሚወስድ ከሆነ፣ ለጉልበቱ ከሚገባው 400 ብር በላይ 300 ብር ወሰደ ማለት ነው። ትርፉ ግን 250 ነው። ስለዚህ በየቀኑ 50 ብር ከዋናው ይበላል። 50 ብር ማን ያየዋል? በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ብር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ዘይት የሚገዛበት ሲያጣ «ዐይን በላኝ» ይላል። ዐይን እውነት ነው፤ የዚህ ኪሳራ ምክንያት ግን በቁጥር የሚታይ ነበር።

4ኛ. የቤት ኪስና የሱቅ ኪስ

ከላይ ያየነው ችግር መፍትሔው አንድ ነው፤ የቤቱንና የሱቁን ገንዘብ መለየት። ባለቤቱ ለራሱ የሚችለውን ያህል ደመወዝ ይወስን፤ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይውሰድ፤ ከዚያ ውጭ መሳቢያው የእርሱ አይደለም። የሱቁ ገንዘብ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በመምጣቱ የሱቁን ገቢ ለብቻው መያዝ ቀሎአል፤ የግል ስልክ ገንዘብና የሱቅ ሽያጭ በአንድ ቁጥር ከተቀላቀሉ ግን ስልኩ ራሱ የተቀደደ ኪስ ይሆናል።

ልጁ ከሱቅ ብስኩት ቢያነሳ፣ ሚስት ዘይትና ስኳር ብታስወስድ፣ እንግዳ መጥቶ ለስላሳ ቢከፈትለት ይጻፍ። የሚጻፈው ለመከልከል አይደለም። ለቤት የወጣው ከደመወዙ እንዲቀነስ ነው። ለሰደቃ የሚሰጠውም ቢሆን ከየትኛው ኪስ እንደወጣ ይታወቅ። በተለይ ሸሪክ ያለው ሰው የሸሪኩን ድርሻ ያለ ፈቃዱ በመለገስ አጅር አገኛለሁ ብሎ እንዳያስብ።

በቤተሰብ መካከል ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ዘመድ ችግር ላይ ወድቆ ወደ ሱቁ ሲመጣ ባለሱቁ ሀብታም ይመስላል፤ መደርደሪያው ሙሉ ነውና። በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ግን ግማሹ የአከፋፋዩ ሊሆን ይችላል። «ከራሴ ይህን ያህል አለኝ፣ ውሰድ፤ የሱቁ ግን የሰው ነው» ለማለት ድፍረት የሚሰጠው የሱቁንና የራሱን ለይቶ የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

5ኛ. ዱቤ

«ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ያልለጠፈ ሱቅ ጥቂት ነው፤ ያንኑ ጽሑፍ ለጥፎ ዱቤ የማይሰጥ ሱቅም ጥቂት ነው። በሰፈር ንግድ ዱቤን ጨርሶ መከልከል አስቸጋሪ ነው። ደመወዝተኛው ወር እስኪደርስ ይቸገራል፤ ባለሱቁም ደንበኛውን ማጣት አይፈልግም።

መታወቅ ያለበት ዱቤ ስንት እንደሚያስከፍል ነው። በ90 ብር ገዝቶ በ100 ብር የሚሸጥ ነጋዴ አንድ የ100 ብር ዱቤ ቢቀርበት የጠፋውን 90 ብር ለመመለስ ያንኑ ዕቃ ዘጠኝ ጊዜ በእጅ በእጅ መሸጥ አለበት። ስለዚህ ለዱቤ ጣሪያ ይበጅለት። ለምሳሌ ከጠቅላላው ዕቃ አንድ አሥረኛ በላይ ውጭ እንዳይሆን፣ ያለፈውን ሳይከፍል አዲስ የሚወስድ እንዳይኖር መወሰን ይቻላል። እያንዳንዱ ዱቤ ሲሰጥ ስም፣ ቀን፣ ዕቃው፣ ዋጋውና የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ፤ ወሳጁም አይቶ ይፈርምበት። ቃሉን የሚያስጽፈው ባለዕዳው መሆን አለበት የተባለው ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል፤ በራሱ አንደበት ያስጻፈውን ዕዳ «ይህን አልወሰድኩም» ማለት ያፍራል።

መጻፍ ደግነትን አይከለክልም። በዚያው ሱራ 280ኛው አንቀጽ የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ መታገስን፣ ማለፍ ደግሞ የተሻለ መሆኑን ያስተምራል። ያልተጻፈን ዕዳ ግን ማን ስንት እንደተማረ ሳይታወቅ ነው የሚቀረው፤ ነጋዴው በልቡ ቂም ይይዛል፤ ባለዕዳውም ሱቁን እየሸሸ በሌላ መንገድ ይሄዳል።

የዱቤ ደብተር በሱቅ ብቻ አይቀመጥ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ሱቅ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚጠፋ አሳይቶናል። ዕቃው ቢቃጠል እንኳ ውጭ ያለው ዱቤ ሊተርፍ የሚችል ሀብት ነው፤ ጽሑፉ አብሮ ካልተቃጠለ። በየምሽቱ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ ምንም አያስወጣም።

6ኛ. የሸጡበት ዋጋ መልሶ ይገዛል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የያዙ ቸርቻሪዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ በድሮ ዋጋ የገዛውን በድሮ ትርፉ ሸጦ «ገበያ ደራልኝ» አለ። ወደ ጅምላ ሻጩ ሲመለስ ግን በገንዘቡ የቀድሞውን ያህል ዕቃ ማግኘት አልቻለም። ሌላው ከመሸጡ በፊት «ይህን ዕቃ ነገ ስንት እገዛዋለሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር።

ዋጋ በሚናወጥበት ጊዜ ደብተሩ ከመግዣ ዋጋው ጎን የመተኪያ ዋጋ የሚል ሌላ ዓምድ ያስፈልገዋል። በየሳምንቱ ዋና ዋና ዕቃዎችን ከሁለት ከሦስት አከፋፋይ ጠይቆ መጻፍ ነው። ይህ ማለት ግን ዕቃ ደብቆ ሰውን ማስጨነቅ አይደለም። የምግብ እህል እንዲወደድ ብሎ ማከማቸት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ የተወገዘ ተግባር ነው። ነጋዴ ነገም ሱቁን ከፍቶ ሰፈሩን ማገልገል እንዲችል ዋናውን መጠበቁና በሰው ችግር ላይ መክበሩ የተለያዩ ናቸው።

7ኛ. ፈቃድና ግብር

«መጀመሪያ ልሞክረውና በኋላ ፈቃድ አወጣለሁ» የሚሉ አሉ። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ግን ምዝገባውና ፈቃዱ የሚቀድመው ከሥራው ነው። ይህን ለማድረግ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የኪራይ ውል ያስፈልጋልና የኪራይ ውልን በቃል መያዝ እዚህም ላይ ያስቸግራል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የድሮውን የግብር ደረጃ ከጎረቤት ሰምቶ ሒሳብ መሥራት አይገባም፤ ወደ ገቢዎች ቅርንጫፍ ሄዶ መጠየቅ ነው። በደብተር የተደገፈ ሒሳብ የሌለው ነጋዴ ግብሩ በግምት ሊወሰንበት እንደሚችልም ይወቅ። የተገመተበት በዛብኝ ብሎ አቤት ለማለትም የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል።

በስሙ ብቻ ፈቃድ አውጥቶ የሚነግድ ግለሰብ ሱቁ ቢከስር በቤቱ ንብረትም ጭምር ሊጠየቅ ይችላል። ንግዱ እያደገ ሲሄድ ሌላ አማራጭ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለስም ብቻ ዘመድን ሸሪክ አድርጎ በኋላ መወዛገብ ቀርቷል ማለት ነው።

8ኛ. የቆጠራ ቀን

ሙስሊም ነጋዴ በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃውን የሚቆጥርበት ምክንያት አለው፤ የንግድ ዘካ። ሒሳቡ ለሽያጭ የተቀመጠው ዕቃ በዕለቱ መሸጫ ዋጋ፣ በእጅና በባንክ ያለው ገንዘብ፣ እንዲሁም ይከፈላል ተብሎ የሚታመን ዱቤ ተደምሮ፣ መከፈል ያለበት ዕዳ የሚቀነስበት ነው። የቀረው ኒሷብ ከደረሰ፣ ብዙ ዑለማዎች በዘመኑ መለኪያ 85 ግራም ወርቅ አድርገው ያሰሉታል፣ የጨረቃ ዓመቱም ከሞላበት ከመቶ 2.5 ይወጣል። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና ማቀዝቀዣው ለሽያጭ ስላልሆኑ አይቆጠሩም።

ዱቤውን ያልጻፈ፣ የአከፋፋዩን ዕዳ የማያውቅ፣ የቤቱንና የሱቁን የቀላቀለ ሰው ይህን እንዴት ያሰላል? በግምት ጥቂት ብር ያወጣና ልቡ ሳያርፍ ይቀራል። ኒሷብ ያልደረሰለት ጀማሪም ቢሆን ቆጠራውን አይተወው። ያምና ቆጠራና የዘንድሮው ሲተያዩ ንግዱ ማደጉን ወይም ቀስ በቀስ መሞቱን ይናገራሉ። የትኛው ዕቃ ዓመት ሙሉ አቧራ ሲጠጣ እንደከረመም ይታያል። የግብሩ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን የሒጅራው ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ሁለቱ ቆጠራዎች በየዓመቱ እየተራራቁ መሄዳቸውንም ማስታወስ ያሻል።

እንዴት ይጀመር?

ለዚህ ሁሉ የተማረ የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም። ሦስት ደብተር ይበቃል። አንዱ በየቀኑ የገባውና የወጣው የሚጻፍበት ነው፤ ለቤት የተወሰደውም በዚሁ ይገባል። ሁለተኛው ዱቤና ዕዳ ነው፤ በአንድ ወገን ሰው የሚሰጠን፣ በሌላው እኛ የምንሰጠው። ሦስተኛው የዕቃ ነው፤ የተገዛበት ቀን፣ ብዛት፣ መግዣና መተኪያ ዋጋ። ማታ ሱቅ ሲዘጋ በመሳቢያው ያለው ገንዘብ ተቆጥሮ ከደብተሩ ጋር ይመሳከር፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መጻፍ የማይችል ልጁን ወይም ጎረቤቱን ያስጽፍ፤ አንቀጹም ለዚህ ነው ጸሐፊ እምቢ እንዳይል ያሳሰበው። የሽርክናው፣ የብድሩና የኪራዩ ውል ደግሞ ምስክር ፈርሞበት ኮፒው በሁለቱም ወገን እጅ ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው አይከስርም ማለት አይደለም። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ገበያም ይቀዘቅዛል፤ ሰውም ይታመማል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የጻፈ ሰው ቢከስር ምን እንዳከሰረው አውቆ ይነሳል። ከእህቱ የተቀበለውን፣ ከሸሪኩ የያዘውን፣ ከአከፋፋዩ የወሰደውን ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ሒሳብ ይናገራል። ገንዘቡ ቢጠፋ ዝምድናው ይተርፋል፤ ዝምድና የተረፈለት ሰው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የሚጀምርበት አያጣም። ዛሬ ለንግድ የተነሳችሁ ወንድሞችና እህቶች ገንዘቡ እስኪሞላ አትጠብቁ። ደብተሩን ዛሬ ግዙ፤ በመጀመሪያው ገጽም ያላችሁን፣ ያለባችሁንና የማን እንደሆነ ጻፉ።

ወላሁ አዕለም።